ጠዋት 12፣ ማታ 12

ኢኮኖሚክስ ስንማር በመጀመሪያው ዓመት ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ዋጋና ወጪ አንድ አይደሉም የሚለው ነው። ዋጋ ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ነው። ወጪ ግን ዕቃውን ለማግኘትና ለመጠቀም የምንከፍለው ሁሉ ነው፤ ወረፋው፣ ታክሲው፣ የቀረንበት ሥራ፣ ያልተኛነው እንቅልፍ። ፈተና ላይ ጽፈነው አልፈናል። ነገሩ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ቁጭ ብዬ ያየሁት ግን ባለፈው ዓመት ነው፤ አክስቴ የምትወስደው የህመም ማስታገሻ በየአራት ሰዓቱ ከሚዋጠው በቀን ሁለቴ ብቻ ወደሚዋጠው ሲቀየር።

የህመም ማስታገሻ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ራሳችንን ሲያመን የምንውጣትን ፓራሲታሞል ነው። ዋጥ፣ እፎይ፣ አለቀ። ሥር የሰደደ ህመም እንዲያ አይደለም። ወራትና ዓመታት አብሮ ይኖራል፤ ወገብ ሊሆን ይችላል፣ ስኳር የጎዳው ነርቭ ሊሆን ይችላል፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ህመም በገባበት ቤት መድኃኒቱ ሠራ ወይ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት ሠራ የሚለው ጥያቄ የቤቱን ኑሮ ሁሉ ይወስናል። ማን ሌሊት እንደሚነሳ፣ ማን ሥራ እንደሚያረፍድ፣ ማን ከልቅሶ ቤት ቶሎ እንደሚመለስ ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር የኖረ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል። ሮቶ የሌለው ቤት ውኃው በመጣበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን፣ ተነስቶ ጄሪካን ይሞላል። ሮቶ ያለው ይተኛል። ሁለቱ ቤቶች በሳምንት የሚጠቀሙት ውኃ እኩል ሊሆን ይችላል። አጭር ጊዜ የሚሠራውና ረጅም ጊዜ የሚሠራው ሞርፊንም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሰው “የረጅም ጊዜው” ሲባል “ጠንካራው” ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ውስጡ ያለው ያው ሞርፊን ነው፣ የቀኑ ድምርም ያው ነው፤ የሚለየው ከክኒኑ ወጥቶ ደም ውስጥ የሚገባበት ፍጥነት ነው።

አክስቴን እቴቴ ነው የምንላት። ስድሳዎቹን አጋምሳለች፤ ሠላሳ ዓመት ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ሸጣ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። የጡት ካንሰሯ ታክሞ ዳነ ከተባለ ከዓመታት በኋላ አጥንቷ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ዳሌዋና ጀርባዋ ላይ። መጀመሪያ ዳይክሎፌናክ፣ ቀጥሎ ትራማዶል፣ ከዚያ ሞርፊን ታዘዘላት። ይሄ ቅደም ተከተል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰር ህመምን ስለማስታገስ ባወጣው መመሪያ ላይ ያስቀመጠው “መሰላል” የሚባለው ነው፤ ከቀላሉ ጀምሮ ህመሙ ካልበረደ ወደ ላይ መውጣት። የዚያው መመሪያ ሌላኛው ሐሳብ መድኃኒቱ ህመም ሲመጣ ሳይሆን በሰዓቱ ይሰጥ የሚል ነው። መሰላሉን ብዙ የጤና ባለሙያ ያውቀዋል። ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የእቴቴ የመጀመሪያ ማዘዣ ላይም “ሲያማት” የሚል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሲያማት ማለት ህመሙ መጥቶ፣ እሷ ለመናገር ወስና፣ ሰው ጠርታ፣ ክኒኑ ተዋጠ፣ ከዚያ ደግሞ መሥራት እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል። የአፍ ሞርፊን ጉልበቱ የሚበረታው ከተዋጠ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ በአራተኛው ሰዓት ላይ ይደክማል። በዚህ ላይ እቴቴ “ሰው አላስቸግርም” ከሚል ዘመን የመጣች ናት። እሷ “ትንሽ ልቻለው” ባለች ቁጥር ህመሙ ይበረታል፤ ህመም ደግሞ ከበረታ በኋላ ለመመለስ ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ እሳቱ ከተነሳ በኋላ ውኃ ፍለጋ መሮጥ ነበር።

ሌላ ሐኪም አይተው “ሲያማት”ን ሰርዘው በየአራት ሰዓቱ 10 ሚሊ ግራም አደረጉት። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመያዝ ቀላል ነው፤ 12፣ 4፣ 8፣ እንደገና 12፣ 4፣ 8። ህመሟን ደግሞ ከ0 እስከ 10 ቁጥር እየሰጠች እንድታስመዘግብ ነገሯት። “እኔ ቁጥር አላውቅም” አለች። በርበሬ በኪሎና በግማሽ ኪሎ ሠላሳ ዓመት ስትመዝን የኖረች ሴት! “እሺ እቴቴ፣ በብር ንገሪኝ” አልኳት። “እሱማ ቀላል ነው፤ አሁን ሰባት ብር ነው።” ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን የህመም መለኪያ ብር ሆነ። ዋጋ ግሽበት ገብቶበት አንዳንድ ቀን “አሥር ብር ዛሬ ምን ይገዛል? መቶ በለው” ትለኛለች።

ቀን ቀን ነገሩ ተስተካከለ። ችግሩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነበር።

አብራት የምትኖረው ትንሿ ልጇ ናት፤ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆና ትሠራለች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። ማታ 4 ሰዓት የምሽቱን ክኒን ሰጥታ ትተኛለች፣ 8 ሰዓት ላይ ስልኳ ይጮኻል፣ ተነስታ ውኃና ክኒን ታቀብላለች፣ እናቷ እስክትረጋጋ ትቀመጣለች፣ ተመልሳ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ጎህ ይቀዳል። አንዳንድ ሌሊት ስልኩ ይጮኻል እንጂ እሷ አትሰማም። እናቷ ትሰማለች፤ ግን አትቀሰቅሳትም። “ሥራ ገቢ ናት፣ ልተዋት።” ሊነጋጋ ሲል ልጅቱ ስትነሳ እናቷን የአልጋውን ብረት ይዛ ቁጭ ብላ ታገኛታለች። ከጎረቤት ደብተር ገዝቼ ለ14 ሌሊቶች መዘገብን፤ በዘጠኙ የ8 ሰዓቱ ክኒን ወይ ዘግይቷል ወይ ጭራሽ አልተሰጠም። በእነዚያ ዘጠኝ ጠዋቶች የተጻፈው ብር ስምንትና ዘጠኝ ነው።

እንግዲህ ወጪ ማለት ይሄ ነው። ፋርማሲው ደረሰኝ ላይ የአጭሩ ሞርፊን ክኒን ርካሽ ነው። የልጅቱ እንቅልፍ፣ ካሸር ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ሲጎድል ከደመወዟ የሚቆረጠው፣ የማታ ትምህርቷን መተዋ ግን የትም አልተጻፈም። ኢኮኖሚስቶች ይሄን የታጣ ዕድል ዋጋ ይሉታል። ቤት ውስጥ ስም የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከፋይዋ ሴት ልጅ ናት።

ረጅም ጊዜ የሚሠራው ሞርፊን ከ1980ዎቹ ጀምሮ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገበያ ላይ ያለ ነው። አዲስ ተአምር አይደለም። ክኒኑ ሆድ ውስጥ ውኃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ያብጥና ይለጠልጣል፤ ሞርፊኑ ከዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ ምክንያት አንዱ ክኒን 12 ሰዓት ይዘልቃል። ቀኑን ስድስት ጊዜ ወጣ ወረድ ያለው ነገር ሁለት ዝግ ያለ ሞገድ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣው ግን ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቤታችን ውስጥ የተለመደ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገረው። ትልቅ ሰው ክኒን መዋጥ ሲያቅተው እኛ ምን እናደርጋለን? በማንኪያ እንፈጨውና በማር ወይ በእርጎ እንሰጠዋለን። ረጅም ጊዜ የሚሠራ ሞርፊን ላይ ይሄ አደገኛ ነው። ሲፈጭ፣ ሲታኘክ ወይም ሲሟሟ ክኒኑ መድኃኒቱን የሚይዝበት አሠራር ይፈርሳል፤ የ12 ሰዓቱ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። መዋጥ የማይችል ሰው ካለ መፍትሔው ሌላ መድኃኒት መጠየቅ ነው፤ ፈሳሹ አጭር ሞርፊን አለ፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ 72 ሰዓት የሚሠራ ፈንታኒል የሚባልም አለ። የፈንታኒሉ ልጥፍ ደግሞ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ላልለመደ ሰውነት የሚሰጥ አይደለም። ዋጋውንም ባላነሳው ይሻላል።

ቀጠሮው ላይ አብሬ ገብቼ ነበር። ሐኪሙ ደብተሩን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ በሽተኛ ሒሳብ ይዞ ሲመጣላቸው ብዙ አያጋጥማቸውም መሰለኝ። “እናቴ፣ ባለፈው ሳምንት በቀን ስንት ዋጡ?” አሏት። ስድስት አሥሮች፤ ስልሳ። ስልሳን ለሁለት፤ ሠላሳ። ጠዋት 12 ሰዓት 30 ሚሊ ግራም፣ ማታ 12 ሰዓት 30 ሚሊ ግራም። ይሄው ነው ቀመሩ። (ቁጥሩ የእሷ ነው፤ የሌላ ሰው ቁጥር ሌላ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይማ ሞርፊን ስለሚጠራቀም ሒሳቡ ራሱ ይቀየራል።) ልብ በሉ፤ መጀመሪያ በአጭሩ ልኩ ተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ረጅሙ የተዛወረው። ከረጅሙ የሚጀምር ሰው ልኩን ሳያውቅ ሮቶ እንደሚሞላ ነው፤ የበዛ እንደሆነ ለመቀነስ ሰዓታት ይፈጃል።

ሌላው ያልጠበቅነው ነገር አጭሩ ሞርፊን አለመቅረቱ ነው። ማዘዣው ላይ ሁለቱም ተጻፉ። ሥር የሰደደ ህመም ያለበት ሰው መሠረቱ ቢሸፈንለትም አንዳንዴ ድንገት ሰብሮ የሚወጣ ህመም ይመጣል፤ ሲያስነጥስ፣ ሲገላበጥ፣ ገላ ሲታጠብ። ለዚያ አጭሩ በእጅ መኖር አለበት። መጠኑ በልምድ የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ አካባቢ ነው፤ ለእሷ 10 ሚሊ ግራም። ገላዋን ከመታጠቧ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ እንድትወስድም ነገሯት። “በቀን ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ካስፈለገ ግን ይምጡ፤ መሠረቱ አንሷል ማለት ነው” አሉ። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ረጅሙ ተሰጥቶ አጭሩ ይቀርና ሰውየው ህመሙ ሲሰብርበት ረጅሙን ከሰዓቱ በፊት ይደግማል። ረጅሙን መድገም ለአሁኑ ህመም አይደርስም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ከቀደመው ጋር ተደምሮ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ አልነበረም። የመጀመሪያውን ረጅም ክኒን ከመጨረሻው አጭር ጋር አንድ ላይ ነው የዋጠችው፤ ረጅሙ እስኪነሳ ድረስ አጭሩ እንዲሸፍነው ነው። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጊዜ አጭሩን መድገም አስፈለገ። “ይሄ ሰነፍ ነው” አለች። አጭሩን ስትወስድ ህመሙ ከስምንት ብር ወደ ሦስት ሲወርድ ይታወቃታል፤ መውረዱን ታጣጥመዋለች። ረጅሙ ላይ የሚወርድ ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ሦስት ላይ ይቀመጣል። ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ሰው የሚሰማው የቆመበትን ደረጃ ሳይሆን ለውጡን ነው ብለው ነበር። እቴቴ ጽሑፉን ሳታነብ አረጋገጠችው። ከረጅሙ ጋር ለመስማማት ያን የ“እፎይ” ስሜት መተው ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ “አልሠራልኝም” ብሎ ሊያቆመው ይችላል።

በሦስተኛው ሌሊት እስኪነጋ ተኛች። ልጇ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያለ ስልክ ነቃች፤ ልማድ ነው። ቤቱ ጸጥ ማለቱ አስደነግጧት ተነስታ እጇን እናቷ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሿን አዳመጠች። ከዚያ በኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲህ ስታደርግ ነበር።

ከሌሎች ነገሮች ትልቁ ሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን አጭርም ይሁን ረጅም ሆድ ያደርቃል፤ ማቅለሽለሹና ድብታው በቀናት ውስጥ ሲለቅ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። ለእሷ ቢሳኮዲል ነው የታዘዘው። ዘመድ ሁሉ ተልባ ይዞ መጣ፤ ተልባ ጥሩ ነው፣ ሞርፊን ላሠረው አንጀት ግን ብቻውን አይበቃም። አረቄና ጠጅ ክልክል ነው። የእንቅልፍ ክኒን፣ በተለይ ዲያዚፓም፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አብሮ አይወሰድም። ሰውየው ቢጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ከሆነ ቤት አይጠበቅም።

ያተረፈችው ሌላ ነገርም አለ፤ ሐኪሙም እኛም ያላሰብነው። እሑድ ቅዳሴ። በአራት ሰዓት ልዩነት ስትዋጥ ከቤተ ክርስቲያን መሐል ክኒን መዋጥ አትወድም ነበርና ትቀር ነበር። የንስሐ አባቷ “በሽተኛ ነሽ፣ ፈቅጄልሻለሁ” ብለዋታል፤ እሷ ግን እሺ አትልም። አሁን ከመሄዷ በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትውጥና ቆማም ተቀምጣም ታስቀድሳለች። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ እንዲህ ያለው አወሳሰድ ለረመዳን እንዴት እንደሚመች ወዲያው ነው የታየው፤ እኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለእኩል ስለሚቀራረብ ሱሑርና ኢፍጣር ከ12 ሰዓቱ ብዙም አይርቁም። ሰዓቱን ለማሸጋሸግ ግን ሐኪምን መጠየቅ ነው።

ከመድኃኒቱ ይልቅ ያስቸገረን ወሬው ነው። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ሳሎን ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሞርፊን ጀመረች?” ይባባላሉ፤ ልክ “አበቃላት?” እንደማለት። አንዷ “ሱስ ይሆንባታል፣ አስቁሟት” ብላ ልጅቱን ጥግ ይዛ መከረቻት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ሰውነት መልመድ አንድ ነገር ነው፤ ሞርፊን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሰውነቱ ይለምደዋል፣ ድንገት ቢቋረጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ሆዱ ይታወካል። ስለዚህ ማቆም ሲያስፈልግ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ሱስ ግን ሌላ ነው፤ ጉዳት እያመጣበት መሆኑን እያወቀ ከመፈለግ መቆም ያልቻለ ሰው ነገር ነው። “አስቁሟት” የሚለው ምክር ሱስን አይከላከልም፤ በህመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምራል እንጂ።

ፍርሃቱ ግን ከሰማይ አልወረደም፤ አሜሪካ የሆነው ሁሉም ዘንድ ደርሷል። ኦክሲኮንቲን የተባለው 12 ሰዓት የሚሠራ ክኒን እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ወጣ። አምራቹ ፐርዱ ፋርማ ረጅም ስለሚሠራ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው እያለ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ህመም ሁሉ አስተዋወቀው። ሰዎች እየፈጩ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2007 ኩባንያው መድኃኒቱን አሳሳች በሆነ መንገድ ማቅረቡን ፍርድ ቤት አምኖ ከሦስት ኃላፊዎቹ ጋር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ፤ በ2020 ደግሞ እንደገና ጥፋተኛ ነኝ አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2016ም በ2022ም ባወጣቸው መመሪያዎች እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሥር ሰደድ ህመም ሲጀመር ከአጭሩ ይጀመር ብሏል። ስለዚህ “ረጅሙ ምንጊዜም ይሻላል” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቸኩላችሁ አትመኑት። ህመሙ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

የእኛ በሽታ ግን የአሜሪካው ተቃራኒ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን መድኃኒት ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። ነጥቡን ልብ በሉ፤ ዜሮ ነጥብ አንድ። እዚህ ላይ ነው እንደ እቴቴ ዘመድና እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁለት የተለያየ ነገር የምመኘው። ለእሷ ረጅሙን እፈልጋለሁ። ለአገር መድኃኒት የሚገዛ ሰው ሆኜ በጀቴ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ግን አጭሩን እገዛለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የጤና ሥርዓት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነበት አጭሩን ይምረጥ ይላል፤ ምክንያቱም አጭሩ መሠረትም ድንገተኛም መሆን ይችላል፣ ረጅሙ ግን መሠረት ብቻ ነው። ዩጋንዳ በዚህ ትታወቃለች። ሞርፊኑን በዱቄት አስገብታ አገር ውስጥ በውኃ ትበጠብጠዋለች፤ ለሕመምተኛው በነፃ ይሰጣል፤ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም እንዲያዙት እ.ኤ.አ. በ2004 በሕግ ፈቅዳለች። ያ ፈሳሽ በየአራት ሰዓቱ የሚወሰደው ዓይነት ነው።

ይሄን ሳነብ ያሳሰበኝ የዩጋንዳ ሴት ልጆችስ 8 ሰዓት ላይ ይነሳሉ ወይ የሚለው ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን የእኛው ረጅም ክኒን ሲጠፋ ነው።

በሦስተኛው ወር ፋርማሲው “የለም” አለ። መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ሞርፊን የሚታዘዘው በልዩ ማዘዣ ወረቀት ስለሆነ እንደ አሞክሳሲሊን በየፋርማሲው እየተዞረ የሚጠየቅ አይደለም፤ የሚይዙትም ጥቂት ናቸው። ለሦስት ቀን የሚሆን ክኒን ሲቀር ደወልን፣ ቀጠሮ ሳይደርስ ገባን። የተቀበለችን ነርስ ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ ሒሳቡን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ስልሳ ለስድስት፣ አሥር፤ 12፣ 4፣ 8። ቀጥላ ግን የማታውን 4 ሰዓትና የሌሊቱን 8 ሰዓት በአንድ ቅንፍ አሰረቻቸው። “ስትተኛ የማታውን 20 ስጧት፣ የ8 ሰዓቱን ዝለሉት።” የቀኑ ድምር አልተቀየረም፤ አራት ጊዜ አሥር፣ አንድ ጊዜ ሃያ። ሐኪሙ አይተው ፈረሙበት።

በካንሰር ህመም ሕክምና ውስጥ በአጭር ሞርፊን ላይ ላሉ ሰዎች የመኝታውን መጠን እጥፍ ማድረግ የቆየና የታወቀ ዘዴ ነው። እንደ ረጅሙ ለስላሳ አይደለም፤ እቴቴ ሊነጋጋ ሲል አራት አምስት ብር ይዛ ትነሳለች። ግን ትተኛለች። ልጇም ትተኛለች። የሚያስከፍለው ተጨማሪ ብር የለም፤ ከውጭ የሚገባ ነገር የለውም፤ የሚፈልገው ማዘዣው ላይ አንድ መስመርና የሚያስረዳ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው። እነዚያ 14 ሌሊቶች ደብተሩ ውስጥ ሲመዘገቡ ይሄ መስመር የትም አልነበረም። መድኃኒት አነሰ እያልን እንጮኻለን፤ ትክክል ነው፣ አንሷል። ያለውን እንዴት እንደሚወሰድ የሚነግር ሰው ማነሱን ግን ማንም በቶን አልለካውም።

በራሳችሁ ሥልጣን ግን እጥፍ አታድርጉ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ እንዲህ ያለ መድኃኒት ላይ ከሆኑ ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። በሰዓት ነው ወይስ ሲያማቸው? ሌሊቱን ማን ይሸፍነዋል? ወደ ረጅሙ ከተዛወሩ አጭሩ አብሮ ታዟል? ረጅሙ ቢጠፋስ በምን እንመለሳለን? ሞርፊን ያልሆነውም ላይ ያው ነው፤ ትራማዶልም ዳይክሎፌናክም አጭርና ረጅም አላቸው። ፓኬቱ ላይ “ኤስ አር” ወይም “ሪታርድ” የሚል ካለ ረጅሙ ነው፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ በየስድስት ሰዓቱ አይዋጥም፣ አይፈጭም።

ረጅሙ ክኒን ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ልጅቱ የማታ ትምህርቷን ለመቀጠል ተመዝግባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እተካታለሁ። ነርሷ የጻፈችበትን ካርድ ላሚኔት አስደርገን ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጥፈነዋል። በፊቱ 12 እና 12 አለ፤ በጀርባው 12፣ 4፣ 8 ከነቅንፉ። በዚህ ሳምንት የሚታየው የፊቱ ነው።